ግማሽ ድምፅ

ፒያኖው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፎቅ የሚያገናኘው የደረጃ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ወደ ላይም አልወጣ፣ ወደ ታችም አልመለስ አለ። ወሩ ሰኔ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ጭኖ ያመጣው አይሱዙ በር ላይ ቆሟል፣ ሰባቱ ጫኝና አውራጆች ላባቸውን እየጠረጉ በየደረጃው ተቀምጠዋል። ገመዱን በትከሻው አስሮ ከፊት ሲስብ የዋለው ልጅ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ ቆይ ውስጡ ምን ቢኖር ነው እንዲህ የከበደው?» አለኝ።

«ብረት» አልኩት። እውነቴን ነው። ከላይ ሲያዩት ቁም ሣጥን ይመስላል እንጂ ፒያኖ ከእንጨቱ ሥር የብረት አጽም አለው። በዚያ አጽም ላይ 230 ያህል ሽቦዎች ተወጥረዋል፤ የሁሉም ጉተታ ሲደመር ወደ 20 ቶን ይጠጋል። ይህን የነገሩኝ የልጄ የሙዚቃ መምህርት ናቸው። እኔማ እስከዚያች ቀን ፒያኖ የማውቀው በቴሌቪዥን ነበር።

ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በትንሽ ኪቦርድ ስትማር ቆይታ፣ መምህርቷ አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርተው፣ «የልጅቷ አባት፣ ይህችን ልጅ ከዚህ በኋላ በኪቦርድ ማስተማር ጊዜዋን መስረቅ ነው» አሉኝ። የኪቦርድ ቁልፍ በቀስታ ቢነኩትም በኃይል ቢመቱትም ለጣት አይመልስም። ፒያኖ ግን አንዱን ቁልፍ ሲጫኑ በውስጥ ሱፍ የለበሰ መዶሻ ተነሥቶ ሽቦውን ይመታል፤ ጣት የመዶሻውን ክብደት ሲሰማ ያድራል፤ ትምህርቱም እሱ ነው። በዚያው ሰሞን ከአገር የሚወጣ ቤተሰብ ዕቃውን ሲሸጥ አንድ የቆየ ፒያኖ እንዳለው ሰማሁ። ዕቁብ ወጥቶልኝ ነበር። ባለቤቴ ለሶፋ ያሰበችውን ገንዘብ ሳትከራከረኝ ሰጠችኝ፤ ይህን ሳልጽፈው ማለፍ አልፈልግም።

የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መታጠፊያው እንደሚጠብ ለመለካት ያሰበ ሰው አልነበረም። የደረጃው ብረት ካልተቆረጠ ፒያኖው እንደማይዞር ታወቀ፤ ብረቱ የጋራ ስለሆነ የኮሚቴው ፈቃድ አስፈለገ፤ ኮሚቴው መልሶ የሚበየድ ከሆነ ብሎ ፈቀደ፤ በያጁ መቁረጫውን ተሸክሞ መጣ፤ መብራት ጠፋ። ሦስት ቀን ጠፍቶ ቆየ።

በነዚያ ሦስት ቀናት የሆነውን ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው። ልጄ በመጀመሪያው ማታ ሻማ ይዛ ወረደች። የተሸፈነበትን ሸራ ወደ ጎን ገፋች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ ደረጃው ላይ ቆማ አንድ ቁልፍ ነካች። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ባዶ ሲሚንቶ ነው፤ ድምፁ እስከ ምድር ቤት ወርዶ እስከ ጣሪያ ወጣ። በሮች ተከፈቱ። ሰው ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ የሦስተኛ ፎቋ እትዬ ዱካ ይዘው ወጡ። «ተቀምጠሽ ምቺው፣ ቆሞ አይሆንም» አሏት።

የምታውቀውን አንድ ሚኑዌት ተጫወተች፤ ለረጅም ዘመን የባኅ ነው ሲባል ኖሮ በኋላ የፔትሶልድ መሆኑ የታወቀውን። ከዚያ እትዬ፣ «የኛን አታውቂም?» ሲሏት ትንሽ አሰበችና እጇን ወደ ጥቁሮቹ ቁልፎች ወሰደች። ጥቁሮቹ በየስምንተኛው ድምፅ አምስት አምስት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ደግሞ ልክ የትዝታ ሜጀር ነው። ነጩን ሳይነኩ በጥቁሩ ብቻ ከሄዱ ትዝታ ራሱ ይመጣል። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ በኪቦርዷ ስትጫወት ራሷ የደረሰችበት ነው። ከዓመታት በኋላ የሾፓንን ኦፐስ 10 ቁጥር 5 ኤቱድ ስትማር፣ ቀኝ እጅ ከአንዲት ድምፅ በቀር በጥቁር ቁልፍ ብቻ የሚሮጥበትን፣ ኖታውን አይታ «አባዬ፣ ይሄ እኮ የደረጃው ነው» አለችኝ።

በሁለተኛው ማታ እትዬ ጀበናቸውን እዚያው ደረጃ ላይ ጣዱ። በሦስተኛው ማታ ከሌላው ብሎክ ሳይቀር ሰው መጣ። መብራት ሲመጣ አንዳንዶቹ ቅር ያላቸው መሰለኝ። በያጁ ብረቱን ቆረጠ፣ ፒያኖው ዞረ፣ አራተኛ ፎቅ ገባ።

አሁን ጥፋቱን ልንገራችሁ። የኔ ነው።

ክረምቱ እንደወጣ ቃኚ አመጣሁ። ሰውየው ሥራውን የሚያውቅ፣ ቀስ ያለ ሰው ነው። የፊቱን ጣውላ ፈትቶ በባትሪ እያበራ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየ። ሽቦዎቹ ዝገዋል፤ ለዓመታት የቃኘው ስላልነበረ ሁሉም ረግበዋል። በዓለም ዙሪያ ፒያኖ በአብዛኛው የሚቃኘው «ላ» በሰከንድ 440 ጊዜ እንዲርገበገብ ተደርጎ ነው። «እዚያ ድረስ ልሳበው ብል» አለኝ፣ «ግማሹ ይበጠሳል። መለወጫ ሽቦ ደግሞ የለኝም። ሁሉንም እኩል ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጌ ልቃኝልዎት። እርስ በርሱ ይስማማል፤ ለሰሚ ምንም አይታወቅም።»

እኔም ምን ችግር አለው አልኩ። ያደግሁበት ሙዚቃ እንደዚያ ነዋ! ክራር የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ነው። ዘፋኙ ድምፁ ወፍራም ከሆነ ይረግባል፣ ቀጭን ከሆነ ይወጠራል። ክራሩ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሏል ብሎ የሚከስ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ቅኝቱ ትክክል ከሆነ ከየትም ይነሣ። ይህን እምነቴን ይዤ ፒያኖው ላይ ፈረድኩ። መምህርቷም የሚሰሙት ድምፅ ከድምፅ ያለውን ርቀት እንጂ የእያንዳንዱን ድምፅ ስም ስላልነበር፣ እየመጡ ሲያስተምሩ ነገሩን ልብ አላሉትም።

ልጄ ግን ሌላ ጆሮ ነበራት። ድስት ሲከደን «ፋ» የምትል ልጅ ነበረች። ለካ ስም የምታወጣው በቤታችን ፒያኖ ነው። እሷ «ዶ» ብላ ያደገችበት ድምፅ ለቀረው ዓለም «ሲ» ነው።

መምህርቷ በቡልጋሪያዋ ሶፊያ ከተማ የተማሩ፣ ሲያስተምሩ የማይቀመጡ ሴት ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣሉ። «ክንድሽን ጣዪው እንጂ በጣትሽ አትውጊው» ይሏታል፤ ልጅቷ ግን ትወጋዋለች። አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ እንጀራ ስትጋግር መምህርቷ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ልጄን እጇን ይዘው ጎተቷት። «የናትሽን እጅ እዪ። ሊጡን ስታዞር አላጠነከረችውም። ሊጡ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል፤ አንጓዋ መንገድ ብቻ ነው የሚያሳየው። ምጣዱ ዳር ስትደርስ እዪ፤ አልቸኮለችም።» በዚያ ቀን ከፒያኖው ይልቅ ምጣዱ ዘንድ ብዙ ሰዓት ቆዩ። ከዚያ በኋላ አንጓዋ ሲደርቅ አንዲት ቃል ትበቃት ነበር፤ «ሊጥ!» ይሏታል።

ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ በቀን አራት ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ስድስት ሰዓት ትለማመድ ነበር። ውጭ ሆኖ ለሚሰማ ልምምድ ሙዚቃ አይደለም። አራት መስመር ነው፤ መጀመሪያ በቀኝ እጅ፣ ከዚያ በግራ፣ ከዚያ በሁለቱም በዝግታ፣ ከዚያ ዓይን ጨፍኖ። የባኅ 48ቱ ፕሪሉዶችና ፉጎች፣ የቤትሆቨን 32ቱ ሶናታዎች፣ የሾፓን 27ቱ ኤቱዶች ከፊቷ ተደርድረው አንዱን ስትጨርስ ሌላው ይጠብቃታል። በአሥራ አምስት ዓመቷ የቀኝ ክንዷ ጅማት ተቆጣና ሁለት ወር ቁልፍ እንዳትነካ ታዘዘች። ሮበርት ሹማን ፒያኖ ተጫዋች ሊሆን ተነሥቶ የቀኝ እጁ ጣት ስለተበላሸ ነው ሙዚቃ ወደ መድረስ የገባው። ይህን መጽሐፍ ላይ አግኝቼ ለማጽናናት ነገርኳት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ማጽናኛ እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በአሥራ ሦስት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ ልትጫወት ነበር። ከቤታችን ፒያኖ በቀር ነክታ አታውቅም፤ ለመለማመጃም ጊዜ አልተሰጣትም። መድረኩ ላይ ያለው ትልቅና በደንብ የተቃኘ ነው። ነጭ ቀሚስ ለብሳ ወጣች፣ እጅ ነሣች፣ ተቀመጠች፣ የመጀመሪያዋን መስመር ጀመረች፤ አቆመች። እጆቿን አንሥታ አየቻቸው። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና አቆመች። ረሳችው ብዬ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። መምህርቷ ከጎን ወጥተው አጠገቧ በርከክ አሉ።

በኋላ የነገሩኝ ይህን ነው። «መምህር፣ ጣቴ አንድ ነገር ይላል፣ ፒያኖው ሌላ ነገር ይላል» አለቻቸው። እሳቸው እዚያው፣ በዚያች ቅጽበት ገባቸው። «አትስሚው፣ የኔ ልጅ። ዛሬ በዓይንሽ ተጫወቺ፤ እጅሽን እመኚ» አሏት። አንገቷን ደፍታ፣ ከጣቶቿ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል እስከ መጨረሻው ተጫወተች። ሰው አጨበጨበ። መኪና ውስጥ ስንገባ አለቀሰች። መምህርቷ እኔን አልወቀሱኝም፤ ራሳቸውን ነው የወቀሱት። አምስት ዓመት ሙሉ እያስተማሩ አለመስማታቸውን ሲያስቡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ሣጥኑን በትከሻው ይዞ ይሄዳል፤ ባለክራሩም፣ ባለማሲንቆውም። ፒያኖ ተጫዋች ግን ባዶ እጁን ነው የሚሄደው። በሄደበት የሚጠብቀው የማያውቀው ፒያኖ ነው፤ አንዱ ቁልፉ ይከብዳል፣ አንዱ ፔዳሉ ይጮኻል፣ አንዱ ከታች ይጮህና ከላይ ዝም ይላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ተዋውቆ የልቡን በእሱ መናገር አለበት። ቭላዲሚር ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1986 ከስልሳ ዓመት በኋላ ወደ ሩሲያ ሲመለስ የገዛ ፒያኖውን ከኒው ዮርክ ቤቱ አስጭኖ ሞስኮ ወሰደ።  ሆሮዊትዝን አልወቅስም፤ ከቤቱ ፒያኖ ጋር ያለውን ፍቅር እኔም ቤት አይቼዋለሁ። ግን ለልጄ የሚያስፈልጋት ካገኘችው ፒያኖ ጋር የመዋወቅ መንገድ ነበር፤ የሆሮዊትዝን መንገድ የሚችል ገንዘብ ያለው ብቻ ነው።

መምህርቷ መቃኛ ሹካ አመጡላት። ሁለት ጣት ያላት ትንሽ ብረት ናት፤ ጉልበት ላይ መታ አድርገው ጆሮ ሥር ሲይዟት ጥርት ያለ «ላ» ትሰጣለች፤ 440። ልጄ ጠዋት ከቁርስ በፊት ትመታትና አብራት ትዘምራለች። እኔም ታክሲ ስንጠብቅ፣ ዳቦ ስንገዛ፣ ድንገት «ላ?» እላታለሁ። በአፏ ታወጣለች፤ ሹካዋን ከኪሷ አውጥታ ታመሳክራለች። መጀመሪያ ሁልጊዜ ግማሽ ድምፅ ትስት ነበር። የልጅነት ጆሮ ግን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ነው፤ በላዩ ሌላ ይጨመርበታል እንጂ አይፋቅም።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ተስፋ እንድንቆርጥ መክሮናል። ክላራ ሹማን በላይፕሲሽ ጌቫንድሃውስ አዳራሽ የተጫወተችው እ.ኤ.አ. በ1828፣ በዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እናንተ መቼ ልትደርሱ ይሉናል። እኔ ግርማ ይፍራሸዋን እጠቅስላቸው ነበር። ክራር እየተጫወተ አድጎ ፒያኖ ዘንድ የደረሰው በአሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ። ሶፊያ ተልኮ ሲማር የዚያ አገር ሥርዓት ተናወጠና ትምህርቱ ተቋረጠ፤ ጣሊያን አገር ብዙ ተንከራተተ፤ ተመልሶ ጨረሰ። ልጄ ግን የምትወደው የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ታሪክ ነው። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር አሲናራ ደሴት ታሰሩ፤ ካይሮ በመምህራቸው በኮንቶሮቪች ሥር በቀን ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ለንደን ሄደው የመማር ዕድል መጥቶ ሲከለከሉ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም መነኮሱ። አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው፣ ያለ ፒያኖ። ልጄ ይህን ስትሰማ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፤ «አባዬ፣ ሲመለሱ ጣታቸው ያውቀው ነበር?» ሥራቸውን ከፈትኩላት። ጣታቸው ያውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ሲያርፉ ልጄ በዚያ ሳምንት ሌላ ነገር አልተጫወተችም።

አሥራ ስምንት ሲሞላት ጀርመን አገር ለአንድ የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት አመለከተች። መጀመሪያ ቪዲዮ ይላካል፤ አንዱ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ መቀረጽ አለበት። መልካም ፒያኖ ያለው ክፍል ለሁለት ጠዋት ለመንን አገኘን። በመጀመሪያው ጠዋት የቤትሆቨንን ሶናታ እንደ ዕንባ አወረደችው፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ልክ ፀጥ በሚለው ቦታ፣ ከመስኮቱ ሥር «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ገባ። ሰውየው እንጀራውን ፍለጋ የወጣ ነው፤ ማን ይቆጣዋል። በሁለተኛው ጠዋት እኔ ራሴ መንገዱ ዳር ቆሜ የሚመጣውን ሁሉ «ወንድሜ፣ ስለ ማርያም፣ አሥራ አምስት ደቂቃ» እያልኩ ስለምን ቆየሁ። አንዱ ልዋጭ ጆንያውን አስቀምጦ አብሮኝ ቆመ። «ማናት?» አለኝ። «ልጄ» አልኩት። እስኪያልቅ ድረስ አልተናገረም።

ቪዲዮው አለፈ፤ ለፈተና ተጠራች፤ ለቪዛና ለአውሮፕላን ሁለተኛ ዕቁብ ገባሁ። ፒያኖውን ተጫውታ አስደሰተቻቸው። በማግስቱ ግን የጆሮ ፈተና ነበር። ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ፈታኙ የሚመታውን ሰምተው ኖታ ይጽፋሉ። ሹካዋ ውጭ በቦርሳዋ ውስጥ ቀርታለች። ፍርሃትም ይዟታል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁሉንም ጻፈች፤ ርቀቱ አንድም አልተሳሳተ፤ ሁሉም ግን ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሏል። ወደቀች። የደወለችልኝ ከባቡር ጣቢያ ነው። «አባዬ፣ የቤታችንን ፒያኖ ጻፍኩላቸው» አለችኝ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሳሎን ገብቼ ክዳኑን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ሰው ባለማወቅ ለልጁ የሚያወርሰው ነገር መኖሩን እስከዚያን ሌሊት ድረስ እንደዚያ አልተረዳሁትም ነበር።

ስትመለስ አንድ ታሪክ ነገርኳት፤ ሰው ሁሉ ያወራዋል፣ ፊልሙም አለ። ፒያኖ ተጫዋቿ ማሪያ ጆአኦ ፒረስ አምስተርዳም ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት መድረክ ላይ ተቀምጣ ሪካርዶ ሻዪ ኦርኬስትራውን ሲያስጀምር፣ እሷ ያጠናችው የሞዛርት ኮንቼርቶ ሌላ፣ ኦርኬስትራው የጀመረው ሌላ ሆኖ ተገኘ። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ደነገጠች። መሪው እየመራ አበረታታት። ተራዋ ሲደርስ ከዚያ ቀደም የተጫወተችውን ከልቧ አውጥታ ገባችበት፤ አልሳተችም። ልጄ ፊልሙን ሦስት ጊዜ አየችው። በሦስተኛው ጊዜ ሴትዮዋን አልነበረም የምታየው። «መሪውን እዪው፤ አላቆመም» አለቻት እናቷን።

አንድ ዓመት በሹካዋ ሠራች። አሁንም መጀመሪያ የሚመጣላት የቤታችን ስም ነው፤ ከዚያ አንዲት ደረጃ ትወርዳለች። በየቀኑ ብዙ መቶ ጊዜ እንደዚያ እያደረገች አወራረዷን አፈጠነችው። በዓመቱ ያንኑ ፈተና ተቀመጠች፤ አለፈች።

ዛሬ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ሥራዋን በሩቁ ለሚያስበው ሰው የምለው፣ ከመድረኩ ይልቅ መንገዱ ይበዛል። ሕፃናት ታስተምራለች፣ ዘፋኞችን ታጅባለች፣ በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በትናንሽ ከተሞች ብቻዋን ትጫወታለች። ዋርሶ ላይ እ.ኤ.አ. በ1927 የተጀመረውንና አብዛኛውን ጊዜ በየአምስት ዓመቱ የሚካሄደውን የሾፓን ውድድር ገና አልሞከረችም፤ ትሞክራለች። ማታ ስትደውል የመጀመሪያው ወሬዋ ያገኘችው ፒያኖ ነው፤ እንደ አዲስ ጎረቤት ታወራዋለች። «ዛሬ ያገኘሁት ኩርፍተኛ ነው፤ እስከ ዕረፍት አልናገርም ብሎኝ ነበር» ትለኛለች።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ስትመጣ ሻንጣዋ አልነሣ አለኝ። ቃኚው ቀደም ብሎ የእያንዳንዱን ሽቦ ውፍረት ለክቶ ልኮላት ነበር፤ ጥቅልል ሽቦና መዳብ የተጠቀለለባቸውን ወፋፍራም የታች ክሮች ሙሉ ስብስብ አሠርታ አመጣች። «ይለወጥ» አለች። እኔ ልቤ አልፈቀደም። ስምንት ዓመት ሆኗት ደረጃው ላይ የሰማሁት ድምፅ በዚያ በዛገው ሽቦ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ይህንኑ ስነግራት፣ «የእትዬ የልጅ ልጅ በዚህ ፒያኖ መማር ጀምራለች አላልከኝም?» አለችኝ። ብያታለሁ። ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልተከራከርኩም።

ቃኚው ብዙ ቀን ፈጀበት። አዲስ ሽቦ ሲሳብ ይለጠጣል፤ ዛሬ የቃኙት ነገ ይረግባል፤ ደጋግሞ መሳብ ነው። አንዱ ሲወጠር ተበጥሶ ግድግዳውን ገረፈው፤ ምልክቱ ዛሬም አለ። በመጨረሻው ቀን ሹካውን ጉልበቱ ላይ መትቶ ከፒያኖው ጋር አስተያየና ክዳኑን ዘጋ።

የእትዬ የልጅ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ገባች። እንደ ልማዷ በጥቁሮቹ ትዝታ ጀመረች፤ ሁለት ድምፅ ሄዳ አቆመች። «አባባ፣ ተቀይሯል» አለችኝ።

ልጄ ያኔ ወደ ጀርመን ተመልሳ በስልክ ላይ ነበረች። «ጆሮ አላት» አለችኝ ሳቅ ብላ። «እስቲ አንድ ነጭ ትምታልኝ።» ስልኩን ወደ ፒያኖው አስጠጋሁት። ሕፃኗ መካከል ላይ ያለውን «ላ» ተጫነችና ጣቷን ሳታነሣ ቆየች።

«ሲ ቤሞል» አለች ልጄ ከወዲያ። ትንሽ ዝም አለች። «አይ፤ ላ ነው። ላ። ድገሚልኝ እስቲ፣ የኔ ቆንጆ።»